የዩቪ ማተሚያ ቀለሙን በቅጽበት የሚያጠነክረው በምንድን ነው? ለጅማ የሕትመት ሥራስ ምን ይጠቅማል?

የፈረንጅ አራዳዋ አታሚ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አነስተኛ የሕትመት ቤት ከከፈትሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ በአብዛኛው ስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ቀለምን በፍሬም ላይ በተወጠረ ወንፊት ጨርቅ አሳልፎ ማተም ነው፤ ቲሸርት፣ የጨርቅ ቦርሳ፣ የቡና ጆንያና የወረቀት ከረጢት አትማለሁ። ባነርና ስቲከር ሲመጣልኝ ደግሞ ማሽኑ ላላቸው አሳልፌ እሰጣለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ደንበኞቼ ይዘውልኝ የሚመጡት ዕቃ ተለውጧል። አንዷ በማር ጠርሙሶቿ ላይ ስሟና አርማዋ በቀጥታ እንዲታተምላት ትፈልጋለች፤ ሌላው ከዩኒቨርሲቲው ለሚመረቁ ልጆች በጣውላ ላይ ፎቶግራፍ እንዳትምለት ይጠይቀኛል፤ አንድ የሆቴል ባለቤት ደግሞ በእንግዳ መቀበያው በርጩማዎች ላይ የሆቴሉ አርማ እንዲወጣለት ይሻል። በስክሪን ፕሪንት ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬም ማዘጋጀት ስላለብኝ፣ ለሃያና ለሠላሳ ዕቃ ሲሆን ሒሳቡ አያዋጣም።

ባለፈው ዓመት የማር ጠርሙሶቹን ሥራ ላለመመለስ ብዬ 120 ጠርሙስ ወደ አዲስ አበባ ልኬ በዩቪ፣ ማለትም በአልትራቫዮሌት ብርሃን በሚሠራ ማተሚያ፣ አሳተምሁ። ተመልሰው ሲመጡ እጅግ ያማሩ ነበሩ፤ ነጩ ነጭ፣ ቢጫውም የማር ቢጫ ሆኖ ወጥቶ ነበር። ደንበኛዬ ግን ማሩን ሞልታ በጠርሙሱ አፍ የተንጠባጠበውን ለብ ባለ ውሃ ስታጥብ፣ ጽሑፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከነአርማው ተነሥቶ በመዳፏ ላይ ቀረ። ልጣጩን በወረቀት ጠቅልላ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጠው የተሰማኝን ኀፍረት እስካሁን አልረሳሁትም። የጠርሙሶቹን ዋጋ ከኪሴ መለስሁላት።

አሁን ደግሞ አንድ ደላላ ያገለገለ አነስተኛ ጠፍጣፋ የዩቪ ማተሚያ አግኝቼልሻለሁ ብሎኛል። «በሁሉም ነገር ላይ ያትማል፣ ብርሃኑ ወዲያው ያደርቀዋል» ከማለት በቀር የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ሥራውን ከሥሩ መረዳት እፈልጋለሁ። ብርሃን ቀለምን የሚያደርቀው እንዴት ነው? የዚያ ጠርሙስ ጽሑፍ የተላጠው በማሽኑ ባሕርይ ነው ወይስ በአሠራር ጉድለት? አንድ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ደንበኛዬም ከረጢቶቹን በዚሁ እንዳትምለት ጠይቆኛልና፣ ይህንንም የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር

እህቴ፣ ጥያቄዎ እጅግ ተገቢ ነው። መልሱ የሚጀምረው ደላላው «ያደርቀዋል» ካለው ቃል ላይ ነው፤ የዩቪ ቀለም በትክክለኛው አነጋገር አይደርቅም፣ ይጠነክራል። እርስዎ በስክሪን ፕሪንት የሚጠቀሙበት ውሃ ያለበት ቀለም ሲደርቅ ውሃው ወደ አየር ይሄድና የቀለሙ ዱቄትና ማያያዣው በጨርቁ ላይ ይቀራሉ። የብዙዎቹ የባነር ማሽኖች ቀለምም እንዲሁ ነው፤ ማሟሟያው ይተንናል፤ ያ የምናውቀው ሽታ የሚመጣውም ከዚያ ነው። የዩቪ ቀለም ግን ከሞላ ጎደል የሚተን ነገር የለውም። የረጨነው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ የሚለወጠው ፈሳሽ የነበረው ነገር ራሱ ጠጣር መሆኑ ነው። እንቁላል መጥበሻ ላይ ሲረጋ ውሃው ስላለቀ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ነገሮች እርስ በርስ ተያይዘው ነው የሚጠነክሩት። በዩቪ ቀለም የእሳቱን ቦታ የሚይዘው ብርሃን ነው።

የቀለሙ ፈሳሽ ክፍል በአብዛኛው አክሪሌት ከሚባሉ ውሁዶች የተሠራ ነው። አጫጭሮቹን ሞኖመር፣ ረዘም ያሉትን ኦሊጎመር እንላቸዋለን። ከእነዚህ ጋር የቀለም ዱቄትና በመጠን ጥቂት የሆነ፣ በሥራ ግን ዋና የሆነ ብርሃን አስጀማሪ ውሁድ ይቀላቀላል። የአልትራቫዮሌት ብርሃን ይህን አስጀማሪ ሲያገኘው ውሁዱ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ብቻቸውን መቆየት የማይችሉ ቁራጮችን ይፈጥራል። ቁራጩ በአጠገቡ ያለውን ሞኖመር ይይዛል፣ የተያዘው ሌላውን ይይዛል፣ እንዲህ እየተቀጣጠለ ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ ሰንሰለቶቹም በየጎናቸው ስለሚተሳሰሩ መጨረሻ ላይ የሚገኘው መረብ የሆነ ፕላስቲክ ነው። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። የጥርስ ሐኪም ሙሌት አድርጎ ሰማያዊ ብርሃን ሲያበራበት፣ በውበት ሳሎንም የጄል ጥፍር ቀለም በትንሿ መብራት ሥር ሲጠነክር የሚሆነው የዚሁ ዘመድ የሆነ ነገር ነው።

ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ሐምራዊው ዳር ላይ ወደ 400 ናኖ ሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ፣ የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚለካበት) ገደማ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለውን የማይታይ ጨረር በ1801 (እ.ኤ.አ.) ያገኘው ጀርመናዊው ዮሐን ሪተር ነበር፤ በብር ክሎራይድ የተቀባ ወረቀት በብርሃን ኅብረ ቀለም ሥር ሲያስቀምጥ ከሐምራዊው ባሻገር፣ ምንም በማይታይበት ቦታ፣ ይበልጥ እየጠቆረ አገኘው። የማይታይ ብርሃን ኬሚካልን ሊለውጥ እንደሚችል በወረቀት ላይ ያየው እርሱ መሆኑን ሳስብ፣ የዛሬው ማሽን የዚያን ወረቀት ሥራ እንደሚቀጥል ሆኖ ይታየኛል።

አሁን ወደሚጠቅምዎ ልምጣ። የቆዩት ማሽኖች የሜርኩሪ መብራት ነበራቸው። እነዚህ መብራቶች ሰፊ የጨረር ክልል ያወጣሉ፣ እጅግ ይሞቃሉ፣ ለመብራት ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ኦዞን የተባለውን ጋዝም ስለሚፈጥሩ የአየር ማስወጫ ያስፈልጋቸዋል። የአሁኖቹ በአብዛኛው ኤልኢዲ ሲሆኑ፣ የሚያወጡት ጨረር ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜ 365፣ 385፣ 395 ወይም 405 ናኖ ሜትር አካባቢ። ወዲያው ይበራሉ፣ ወዲያው ይጠፋሉ፣ ዕድሜያቸውም በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ሰዓት ይለካል፤ ሙቀታቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀጭን ፕላስቲክ አያጣምሙም። ነገር ግን ለሜርኩሪ መብራት የተሠራ ቀለም በኤልኢዲ ሥር በሚገባ ላይጠነክር ይችላል፤ የቀለሙ አስጀማሪና የመብራቱ ጨረር መግጠም አለባቸው። ደላላው ማሽኑ ላይ ያለው መብራት የትኛው እንደሆነ፣ ስንት ናኖ ሜትር እንደተጻፈበትም ሳይነግርዎ ቀለም አይግዙ።

ሁለት ጠላቶችም አሉ። አንዱ የአየር ኦክስጅን ነው፤ ፍሪ ራዲካሎቹን እየነጠቀ ሰንሰለቱን ስለሚያስቆም ብርሃኑ ደካማ ሲሆን የቀለሙ የላይኛው ገጽ እንደ ማር የሚጣበቅ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው የቀለሙ ውፍረትና ጥቁረት ነው። ጥቁር ቀለም ጨረሩን ይውጣል፤ ነጩ ደግሞ በውስጡ ያለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከፊሉን ይውጠዋል፣ ከፊሉንም ይበትነዋል። በዚህ የተነሣ ላዩ ድንጋይ ሆኖ ሥሩ ገና ፈሳሽ የሆነ ሕትመት ሊኖር ይችላል፤ በእጅ ነክተው «ጠንክሯል» የሚሉት እርሱ ነው። የጠርሙስዎን ጉዳይ ከዚህ አንጻር ቢመረምሩት መልካም ነው፤ ያ የተላጠው ልጣጭ ዛሬም እጅዎ ላይ ካለ ከመስታወቱ ጋር የነበረውን ጀርባውን በጣትዎ ጫፍ፣ ጓንት አድርገው፣ ይንኩት።

የጠፍጣፋ ማሽን ሠራተኛ

መምህሩ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ጅማ ውስጥ በሂርማታ ገበያ አቅራቢያ በዚህ ማሽን ስድስት ዓመት ስለሠራሁ የእጄን ልጨምር።

በመጀመሪያ የልጣጩን ነገር ልጨርሰው። አንድ ሕትመት ሲበላሽ ሁለት መንገድ አለው። ሲነካ ከተጣበቀ፣ ከተጨማለቀ ወይም ከሸተተ አልጠነከረም ማለት ነው፤ ጥፋቱ በመብራቱ፣ በፍጥነቱ ወይም በቀለሙ ነው። ሙሉውን እንደ ልጣጭ ከተነሣና ጀርባው ደረቅና ለስላሳ ከሆነ ግን ቀለሙ ጥሩ ጠንክሯል፤ ዕቃውን ግን አልያዘም። የእርስዎ ሁለተኛው ይመስለኛል። መስታወት ምንም ቀዳዳ የሌለው ነገር ስለሆነ ቀለሙ የሚጨብጠው አያገኝም፤ በገጹ ላይ ሁልጊዜ ስስ የእርጥበት ሽፋን አለ፣ የጣት ቅባትም አለ። ከዚያ በላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አዲስ ጠርሙስ ከፋብሪካ ሲወጣ ከሌላው ጋር ሲፋተግ እንዳይጫጭር እጅግ ስስ የሆነ የሚያንሸራትት ሽፋን ይረጭበታል። በዚያ ሽፋን ላይ ማተም በሰም ላይ እንደ መጻፍ ነው። ስለዚህ ለመስታወት የታዘዘ ፕራይመር የሚባል ማያያዣ ፈሳሽ ያስፈልጋል፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ደግሞ ገጹን በነበልባል ያቃጥሉታል። እርስዎ ያሳተሙበት ቤት ጠርሙሱን ጠርጎ ብቻ አትሞት እንደነበር እገምታለሁ። ይህ የማሽኑ ባሕርይ አይደለም፤ የዝግጅት ጉድለት ነው።

ይህንኑ ቀላል በሆነ ፈተና ሊለዩት ይችላሉ። ካተሙ በኋላ አንድ ቀን ያቆዩትና በአዲስ ምላጭ በሕትመቱ ላይ በአንድ ሚሊ ሜትር ርቀት ስድስት መስመር ወደ ታች፣ ስድስት መስመር ወደ ጎን ይቁረጡ፤ 25 ትንንሽ አራት ማዕዘን ይወጣልዎታል። የሚያጣብቅ ፕላስተር በደንብ ጫን አድርገው ይለጥፉበትና በአንድ ጊዜ ይንቀሉት። ከፕላስተሩ ጋር የመጣው ካሬ ስንት እንደሆነ ይቁጠሩ። ሃያ አምስቱም ከቀሩ ለደንበኛ መስጠት ይቻላል። ለሚታጠብ ዕቃ ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ሌላውን ናሙና ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድረው እንደገና ይሞክሩት፤ መስታወት ላይ ያለ ቀለም ከደረቅ ይልቅ ከውሃ በኋላ ነው እውነቱን የሚናገረው።

ማሽኑ እንዴት እንደሚረጭ ካላወቁ ደግሞ ዕቃ ለመምረጥ ይቸገራሉ። ሄድ በምንለው፣ ቀለሙን በሚረጨው ክፍል ውስጥ ፒዞ የሚባል ክሪስታል አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ቅርጹን ስለሚለውጥ በየቀዳዳው ያለውን ቀለም ገፍቶ ጥቂት ፒኮ ሊትር የምታህል ጠብታ ያስወጣል። አንድ ፒኮ ሊትር የሊትር አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። ሄዱ ከዕቃው በላይ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ በራቀ ቁጥር ጠብታው በአየር ላይ እየተንሳፈፈ ስለሚሄድ መስመሩ ይደበዝዛል። ይህን ያልሁት ለሆቴሉ በርጩማ ነው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚጠረብ፣ ሦስት እግር ያለውና መቀመጫው እንደ ሳሕን የጎደጎደ ነው። መሐሉ ከዳሩ ዝቅ ስለሚል ሄዱን ለዳሩ ሲያስተካክሉት መሐሉ ይደበዝዛል፣ ለመሐሉ ሲያወርዱት ሄዱ ዳሩን ይመታል። ሄድ ሲመታ ቀዳዳዎቹ ይጎዳሉ፤ ከማሽኑ ሁሉ ውዱ ክፍል እርሱ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ሙከራ በፍጹም አይሞክሩ። እኔ በዚህ ጊዜ የማደርገው በቀጥታ ከማተም ይልቅ አርማውን በፊልም ላይ አትሜ፣ በላዩ የሚያጣብቅ ሽፋን አድርጌ፣ በእጅ እንደ ስቲከር ማስተላለፍ ነው፤ ዩቪ ዲቲኤፍ ይሉታል። የእንጨቱ ገጽ ግን ደረቅና ቅባት ያልተቀባ መሆን አለበት። በርጩማ ሠሪዎች ማለስለሻ ቅባት ወይም ሰም ስለሚቀቡ ከመቀባቱ በፊት እንዲያመጡልዎ ይንገሯቸው። ለምረቃ ፎቶ የተዘጋጀ ጠፍጣፋ የዋንዛ ጣውላ ከሆነ ግን በቀጥታ ይታተማል፤ የእንጨቱ መልክ በፎቶው ሥር ሲታይ እጅግ ያምራል። ቆዳ ጠቆር ያለ ሰው ፎቶግራፍ ከሆነ ግን ከሥሩ ነጭ ያድርጉ፤ ያለዚያ የእንጨቱ ቡናማ ፊቱን ይውጠዋል።

ነጭ ቀለም ስል አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ነጩ ከሁሉም የሚከብድ ስለሆነ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ወደ ሥሩ ይዘቅጣል። ጥሩ ማሽኖች ራሳቸው እያዞሩ ያንቀሳቅሱታል፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ግን ማዞሩ ይቆማል። ለረዥም ጊዜ ጠፍቶ ከነበረ ጧት ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የቀለሙን ጠርሙስ ይነቅንቁ፣ የቀዳዳ ፈተና (የትኛው ቀዳዳ እንደተዘጋ የሚያሳዩ መስመሮች) ያትሙ። ዩፒኤስ (ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ደግሞ የግድ ነው፤ ሙሉ ሥራ እንዲሠራ ሳይሆን መብራት ሲጠፋ ሄዱ ወደ መክደኛው ተመልሶ እስኪዘጋ ድረስ እንዲያቆይዎ። ሄዱ ዕቃው ላይ ሳለ ከቆመና የክፍሉ መስኮት ክፍት ከሆነ የፀሐይ ብርሃንም ቀለሙን በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያጠነክረዋል። ማሽኑን መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ የለብዎትም። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ መስታወት የሆነ የሽልማት ሰሌዳ ሳትም፣ የመብራቱ ጨረር ከመስታወቱ ነጥሮ ወደ ሄዱ ስለተመለሰ አንድ ረድፍ ቀዳዳ ሙሉ ተዘግቶብኛል፤ እስከ ዛሬ ድረስ መስታወትና የሚያብለጨልጭ ብረት ሲመጣ የመብራቱን ኃይል ቀንሼ፣ በዙሪያው ጥቁር ወረቀት አንጥፌ ነው የምጀምረው።

ጥቅሙንም በሐቀኝነት ልናገር። እኛ ክረምቱን እናውቃለን፤ ጅማ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ውሃ ያለበት ቀለም ሳይደርቅ ይውላል፣ ቲሸርቱን በገመድ ላይ ሰቅለን እናድራለን። ዩቪ ላይ ይህ ጭንቀት የለም፤ የሚተን ነገር ስለሌለ እርጥበቱ አያዘገየውም፣ ዕቃው ከማሽኑ ሲወጣ ይታሸጋል። ፍሬም የለም፣ ፊልም የለም፤ አንደኛው ዕቃና መቶኛው ዕቃ አንድ ዓይነት ዋጋ አላቸው፤ ሃያ ሰዎች ሃያ የተለያየ ስም ቢፈልጉ ልዩነቱ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው። የሽልማት ሰሌዳ፣ የቢሮ በር ስም፣ የስልክ ሽፋን፣ የጣውላ ፎቶ፣ የአክሪሊክ ማስታወቂያ ከሆነ በዩቪ ነው የምሠራው። አንድ ቀለም ያለው 1000 ከረጢት ቢመጣልኝ ግን ያለ ማመንታት ወደ ስክሪን ፕሪንት ነው የምመልሰው፤ ፈጣኑም ርካሹም እርሱ ነው። አሮጌው ፍሬምዎን አይጣሉ።

አንድ ነገር ከልቤ የምለው የጤናውን ነው። ያልጠነከረው ቀለም ቆዳን ያስቆጣል፤ አንዳንድ ሰው ደግሞ ከጊዜ በኋላ አለርጂ ይሆንበታል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂቱ እንኳ ያሳክከዋል። አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ያለ ጓንት ሄዱን ሲያጸዳ ኖሮ በጣቶቹ መካከል ቆዳው ተሰነጣጥቆ ሥራውን እስኪተው ደርሶ ነበር። ናይትራይል የሚባለውን ሰማያዊ ጓንት ይጠቀሙ፤ ተራው ላቴክስ ለአክሪሌት ብዙም አይከላከልም። መብራቱን በዓይን አይመልከቱ፤ ቀለም የተጠረገበትን ጨርቅም ሜዳ ላይ አይጣሉ፣ ለብቻው በተከደነ ቆርቆሮ ይሰብስቡት።

ቡና ቆልቶ አሻጊ

እንደምን አላችሁ። የከረጢቱን ነገር እኔ ልመልስ፤ በራሴ ቡና ላይ ያሰብሁበት ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ ጆንያውን እንለየው። ጥሬ ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ ሲታሸግ የምናትመው ለዘመናት በቆየው መንገድ፣ በስቴንስል ወይም በስክሪን ነው፤ ዩቪ ለዚህ አይሆንም። የጆንያው ክሮች ሸካራና ክፍት ስለሆኑ ጠብታው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ መብራቱ ደግሞ ክሩ ሥር ያለውን ጥላ አያገኘውም። መምህሩ እንዳሉት ብርሃን ያልደረሰው ቀለም ሳይጠነክር ይቀራል፤ ያልጠነከረ ቀለም ደግሞ ቡና አጠገብ መሆን የለበትም።

ቆልተን ፈጭተን የምናሽግበት ከረጢት ላይ ግን ጉዳዩ ይበልጥ ስስ ነው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጣሊያን ውስጥ በካርቶን ታሽጎ ከሚሸጥ የሕፃናት ወተት ውስጥ አይቲኤክስ የሚባል ብርሃን አስጀማሪ ውሁድ ተገኝቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ሊትር ወተት ከገበያ ተሰበሰበ። ቀለሙ የታተመው በካርቶኑ ውጪ ነበር። ወደ ውስጥ የገባውም ካርቶኑ ታትሞ በጥቅልል ሲቀመጥ የውጪው ገጽ ከውስጠኛው ገጽ ጋር ስለሚነካካ ነው ተባለ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን የተገኘው መጠን ለጤና አስጊ አይደለም ቢልም፣ የሕፃን ምግብ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ለአሻጊዎች ሁሉ ትምህርት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለምግብ ማሸጊያ የሚሆኑ፣ ውሁዶቻቸው በቀላሉ የማይፈልሱ ቀለሞች ለብቻቸው ይሠራሉ። ደላላው ይዞ የሚመጣው ተራ የሕትመት ቤት ቀለም ከእነዚህ ውስጥ ነው ብዬ አላምንም።

ቡና ደግሞ ቅባት አለው፤ ሽታንም ይስባል። አንድ የቡና ጠጪ ሽታው የተለወጠ ቡና ሲቀምስ ጥፋቱ ከረጢቱ መሆኑን አያውቅም፤ የእኔ ቡና መጥፎ ነው ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ የማደርገው እንዲህ ነው። ከረጢቱ ውስጡ አልሙኒየም ፎይል ያለው ከሆነ ፎይሉ መከለያ ይሆናል፤ እንዲያም ሆኖ ታትመው የተደራረቡ ከረጢቶች የአንዱ ውጪ የሌላውን አፍ እንዳይነካ ለየብቻ አቆያለሁ። ውስጡ ወረቀት ብቻ ወይም ስስ ላስቲክ ከሆነ ግን ላስቲኩ ትንንሽ ውሁዶችን ሊያግድ እንደማይችል ስለማውቅ በዩቪ በቀጥታ አላሳትምበትም፤ መለያውን በወረቀት ስቲከር ላይ አሳትሜ ከደረቀ በኋላ በውጪ እለጥፋለሁ። ለእርስዎም የምመክረው ይህንኑ ነው። ደንበኛዎ በከረጢቱ ላይ የሚፈልገው ስም፣ የተቆላበት ቀንና የአካባቢው ስዕል ከሆነ ስቲከሩ ከበቂ በላይ ነው፤ እርስዎም ምግብ ላይ አደጋ ሳያደርሱ ሥራዎን ይሠራሉ።

የፈረንጅ አራዳዋ አታሚ (ጠያቂ)

ወንድሞቼ፣ እንዴት አድርጌ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጣጩን ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት፤ በጓንት ነካሁት፤ ጀርባው እንደ ብርጭቆ ለስላሳና ደረቅ ነው። ማለት መብራቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ቀለሙ ግን መስታወቱን አልያዘውም ነበር።

ሳላየው አልገዛም ብዬ ደላላውን ማሽኑ ወዳለበት ቤት ወሰድሁት። መብራቱ ላይ 395 ናኖ ሜትር ተጽፏል፤ የሜርኩሪ አይደለም። ባለቤቱ ፈቅዶልኝ የቀሩኝን ሁለት የማር ጠርሙሶች በማሽኑ ላይ አሳተምሁ። ለክብ ጠርሙስ የሚያዞረው ዕቃ ከማሽኑ ጋር ስለሌለ በጠርሙሱ ጠፍጣፋ ጎን ላይ ብቻ ነው ያተምነው። አንዱን ጠርሙስ በአይሶፕሮፒል አልኮል ብቻ ጠረግሁት፤ ሁለተኛውን ከጠረግሁ በኋላ ለመስታወት የሚሆን ፕራይመር በለስላሳ ጨርቅ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስስ አድርጌ አሳለፍሁበት። አንድ ቀን አቆየኋቸው፤ ከዚያ በምላጭ ቆረጥሁና ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳደርኋቸው። ጧት ፕላስተሩን ስነቅል ከመጀመሪያው ጠርሙስ ላይ 19 ካሬ ከፕላስተሩ ጋር መጣ። ከሁለተኛው ላይ አንድም አልመጣም፤ በጥፍሬ ፈቀፈቅሁት፣ አሁንም አልተነሣም።

የቀረኝ ጥያቄ ሄዱ ነው። የቀዳዳ ፈተና አትሙልኝ ስል ባለቤቱ ነገ ይሁን አለኝ፤ ማሽኑም ሦስት ሳምንት ሳይሠራ ቆይቷል አሉ። ይህ ያስፈራኛል።

የጠፍጣፋ ማሽን ሠራተኛ

ፍርሃትዎ ትክክለኛ ነው። ነገ ሲሄዱ እርስዎ ሳይደርሱ ሄዱን እንዳያጸዱት ይንገሯቸውና ፈተናውን እርስዎ ባሉበት ያትሙት። ከሥራው በፊት ያትሙ፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ገጽ ጥቁርና አንድ ሙሉ ገጽ ነጭ ያትሙ፣ ከዚያ እንደገና ፈተናውን ይድገሙት። በመጀመሪያው ላይ የጎደለ መስመር ከጽዳት በኋላ ከተመለሰ ዘቅጦ የነበረ ቀለም ነው፤ ችግር የለውም። ሁለት ጊዜ ከተጸዳ በኋላም እዚያው ቦታ ላይ የሚጎድል ከሆነ ግን ቀለሙ በቀዳዳው ውስጥ ጠንክሯል፤ የጠነከረ የዩቪ ቀለምን መልሶ የሚያሟሟ ፈሳሽ የለም። በዚያ ጊዜ የአዲስ ሄድ ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ላይ እንዲቀነስልዎ ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ጥለው ይምጡ። ጠርሙሶቹንና ፕራይመሩን ይዘው ወደ እኔ ቤት ቢመጡ የሚያዞረውን ዕቃ ገጥመን የደንበኛዎን 120 ጠርሙስ አብረን እንሠራለን።

የፈረንጅ አራዳዋ አታሚ (ጠያቂ)

ነገ ጧት እሄዳለሁ። ማሽኑ ሆነም አልሆነ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠርሙሶቹን ይዤ እመጣለሁ፤ ደንበኛዬም አብራኝ ትመጣለች፤ ፕላስተሩን ራሷ እንድትነቅለው እፈልጋለሁ።